በጨርጨር ጓሮ ስለሚበቅሉ ጠቃሚ ዕፀዋት

የሥነ ፍጥረትን ነገር የሚያስተምሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት፣ አዝርዕት፣ አትክልትና ዕፀዋት በዕለተ ሠሉስ እንደ ተፈጠሩ፣ አዳምም በዕለተ ዓርብ በተፈጠረ ጊዜ ምግቡም መድኃኒቱም አስቀድሞ ተሰናድቶ እንደ ቆየው ይተርካሉ፤ ሙስሊሙም ወገናችን ጥቁር አዝሙድን፣ በነቢዩ ሐዲስ የተመሰገነ ስለ ሆነ፣ በቤቱ በክብር ያኖረዋል። የሁለቱም ሃይማኖት ሰው በአጥር ተጎራብቶ በሚኖርበት በሐረርጌው በጨርጨር አገር እንግዲህ ቅጠልን ማክበር የጋራ ውርስ ነው፤ ይህን ዳሰሳ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይህ ውርስ ከጓሮአችን ቀስ በቀስ እየወጣ መሄዱ ነው።

ጭሮ፣ በቀድሞ ስሙ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን ያቋቋሙት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የተማሩና በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሊቅ ሲሆኑ፣ ከሹመትና ከስደት በኋላ ግን በሒርና የእርሻ ኑሮ ኖረው በ1969 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ስለዚህ የዚህ አገር ከተሞች ታሪክ ከእርሻና ከተክል ጋር የተዛመደ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ምድሩም ለዚህ የተመቸ ነው፤ በጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ ከቁኒ ደጋ ተነሥቶ፣ በጭሮ ወይና ደጋ አልፎ፣ የባቡር ሐዲድ ወደሚያልፍበት ወደ ሚኤሶ ቆላ የሚወርድ ሰው፣ የበልጉንና የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ የሚበቅለውን የደጋ፣ የወይና ደጋና የቆላ ዕፀዋት በአንድ ቀን ሊያይ ይችላል።

ነገር ግን በእነዚህ ከተሞች ጓሮ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚታየው ጫት ነው። ጫት ዕለት ዕለት ገንዘብ የሚያመጣ ስለ ሆነ፣ ልጆቹን በእርሱ የሚያስተምረውን ገበሬ አልነቅፍም፤ የማዝነው ግን የጫቱ ተራ ከማሳው አልፎ እስከ ማድቤት ግድግዳ ሲደርስ፣ እናት በሌሊት ሕፃን ሲታመምባት እጇን ዘርግታ ትቀጥፈው የነበረው ቅጠል ስፍራ አጥቶ ሲነቀል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናገርላቸው ዕፀዋት አብዛኞቹ ቢደመሩ ከጥቂት እርምጃ መሬት በላይ አይፈልጉም።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤና አዳምን አነሣለሁ። ይህ ተክል ውሃ በማይተኛበት ድንጋያማ መሬት፣ ማለት የጨርጨር ቁልቁለት በሞላ በሚሰጠው ዓይነት ስፍራ ደስ ብሎት ይበቅላል፤ በዘርም ከለጋው ቅርንጫፍ ተቆርጦም ይተከላል፣ ከያዘ በኋላም ለብዙ ዓመት ይኖራል። ቅጠሉ ከቡና ሲኒ ውስጥ ገብቶ መዓዛ ይሰጣል፤ ፍሬው ከበርበሬ ጋር ተደልዞ ይፈጫል፤ ለሆድ ቁርጠትም ከጥንት ጀምሮ ሲጠጣ የኖረ ነው። ሆኖም ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ ጉዳቱን መደበቅ ለአንባቢ መታመን አይሆንምና፣ ጤና አዳም ማኅፀንን የሚያነቃንቅ ኃይል ስላለው የፀነሰች ሴት ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባትም፤ ጭማቂው የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃም ይቋጥራል፤ ስለዚህ በቀትር የሚከረክመው ሰው እጁን መሸፈን፣ ከዚያም በሚገባ መታጠብ አለበት።

ከእርሱ ቀጥሎ ዳማ ከሴ ይመጣል። ምች መታኝ የሚል ሰው ባለበት ቤት ሁሉ ቅጠሉ በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል፣ በአፍንጫም ይሳባል፣ ገላም ይቀባል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በአይጦች ላይ ፈትነው ትኩሳትን የማብረድ ኃይል እንዳለው ጽፈዋል። ዳማ ከሴ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ ቢሰካ ያለ ብዙ ድካም የሚይዝ፣ ጥላም የማያስቀይመው ታጋሽ ተክል ነው። ይሁን እንጂ ለሚኤሶና ለቆላው ሕዝብ አጥብቄ የምናገረው ቃል አለኝ፤ በወባ አገር የሚነሣ ትኩሳት ሁሉ ምች አይደለምና፣ ቅጠሉን ካጠጡ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደምን ማስመርመር ለነገ የማይባል ነው፤ ይልቁንም በሽተኛው ሕፃን በሆነ ጊዜ።

ግራዋም እንደዚሁ ሊዘነጋ አይገባውም፤ ቅጠሉ እንስራና ጋን ያጥባል፣ አበባው ለንብ ቀለብ ይሆናል፣ እንጨቱ ይነዳል፣ ቅርንጫፉም በአጥር ዳር ቢተከል ራሱን ችሎ አጥር ይሆናል፤ ከአንድ ዛፍ ይህን ያህል አገልግሎት የሚያገኝ ሰው ሌላ ምን ይፈልጋል?

የጓሮ ዕፀዋት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ስለ መድኃኒት ያስባል፤ እኔ ግን ከመድኃኒቱ ይልቅ የወጡ ቅጠል ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ሰው የሚታመመው አልፎ አልፎ ሲሆን የሚበላው ግን በየቀኑ ነውና። በሶብላ በዝናብ መግቢያ ዘሩ ተበትኖ በጥቂት ወር የሚደርስ፣ አበባው ደርቆ ለበርበሬና ለሽሮ የሚሆን ነው። ኮሰረት ደግሞ ቅቤ ሲነጠር የሚገባ፣ ቁጥቋጦው አንድ ጊዜ ከያዘ እየተቀጠፈ ዓመት እስከ ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ ከገበያ የሚገዛው ደረቅ ቅጠል ከጓሮ ተቀጥፎ በጥላ ከደረቀው ጋር በመዓዛ ሊወዳደር አይችልም። የጥብስ ቅጠል ድርቅን ይችላል፤ ድንብላልና ነጭ ሽንኩርት ትንሽ መደብ ይበቃቸዋል፤ ጠጅ ሳር ለሻይና ለበዓል ጉዝጓዝ ከማገልገሉ በላይ፣ ሥሩ እየተከፈለ በእርከን ጠርዝ ላይ ቢተከል አፈሩን ከጎርፍ ይጠብቃል። ጦስኝ ግን የደጋ ልጅ ነውና ለቁኒ ሰው ይተው፤ በአንጻሩ ሽፈራው፣ ከኮንሶ ምድር ስሙ የወጣለት ዛፍ፣ ሙቀትን ስለሚወድና ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ስለሚበላ፣ በሚኤሶ ግቢ ሁሉ ሊገኝ ይገባዋል።

ቡናን ከጓሮ ዕፀዋት ጋር መቁጠሬ ለሌላ አገር ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። የገለምሶና የበደሳ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል፤ የሐረርጌ ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ስለ ሆነ፣ ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ገለባው በቤት ቀርቶ ከወተት ጋር እየፈላ ሆጃ ይሆናል፤ ቅጠሉም ተቆልቶ ሲፈላ ቁጢ ይባላል። ሦስትና አራት እግር ቡና በደጁ ያለው ቤተሰብ፣ የፍሬው ዋጋ በወደቀበት ዓመት እንኳ ለእንግዳ የሚያቀርበው ትኩስ መጠጥ አያጣም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በእናቶች ቃል ብቻ የተያዘ አይደለም። ሊቃውንቱ በብራና በጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ የዕፀዋቱ ስምና አገልግሎት ይገኛል፤ በቅርብ ዘመንም ገላሁን አባተ ዕፀ ደብዳቤ የተባለውን መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል በ1981 ዓ.ም. ታትሞላቸዋል። ተራ የሚመስል የቤት ተክል ምን ያህል ሊያስከብር እንደሚችል ለማወቅ የሚሻ ሰው ደግሞ የዶክተር አክሊሉ ለማን ሥራ ያስታውስ፤ እርሳቸው በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ ያ ለሳሙና የሚተከል ሐረግ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መሆኑን ለዓለም ገለጡ። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም ስለ መዓዛማና ስለ መድኃኒት ዕፀዋት አተካከል ምርምር እያደረገ ይገኛል።

በመጨረሻ የአተካከሉን ነገር ልናገር። የሚበላና የሚጠጣ ቅጠል የጸረ ተባይ መድኃኒት ከሚረጭበት ጫት አጠገብ አይተከል፤ ነፋስ የሚያመጣው ጠብታ በዓይን ስለማይታይ፣ መደቡ ከማድቤቱ በኩል፣ ቤቱ ራሱ በሚከልለው ስፍራ ቢሆን ይመረጣል። የሚተከለውን ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም፤ የጎረቤት ጓሮ ለጠየቀ ሁሉ ቅርንጫፍ የሚከለክልበት ልማድ በአገራችን የለም። ስለዚህ የጭሮ፣ የሒርና፣ የገለምሶ፣ የበደሳና የሚኤሶ ባለ ግቢ ሆይ፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ ከማድቤትህ ደጅ ጥቂት እርምጃ መሬት ከጫቱ ለይተህ፣ ቢያንስ ጤና አዳምን፣ ዳማ ከሴንና ኮሰረትን ትከልበት፤ የአቆራረጡንና የአጠቃቀሙንም ሥርዓት ከእናትህ ጠይቀህ፣ እርሷ በሕይወት ሳለች ለልጆችህ አስተምር።