ሞተር ሲታደስ የመሣሪያ ምርጫና አያያዝ

ያረጀን ሞተር ፈትቶ፣ የተበላውን ክፍል ለይቶና ቀይሮ መልሶ የመግጠም ሥራ የጉልበት ሥራ ቢመስልም በዋናነት የልኬት ሥራ ነው። ክራንክሻፍትን፣ ማለትም የፒስተንን ሽቅብና ቁልቁል እንቅስቃሴ ወደ ዙር የሚለውጠውን ዘንግ፣ ከሚያቅፈው ብሮንዚን የሚለየው የዘይት ክፍተት በብዙ የመኪና ሞተሮች ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ለተራ ልኬት የሚበቃው ካሊፐር እዚህ አያስተማምንም፤ መቶኛ ሚሊ ሜትርን የሚለይ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ፣ ገና በሙቅ ውኃ የታጠበን ዘንግ ሳይቀዘቅዝ መለካት ራስን ማታለል ነው።

ቴስታታውን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ክፍል፣ የሚያስሩት ብሎኖች በቶርክ መፍቻ፣ ይኸውም የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ ከመካከል ወደ ዳር በየደረጃው ይጠብቃሉ። ከዚህ ኃይል አብዛኛውን ሰበቃ ስለሚበላውና ብሎኑን በመሳብ ክፍሎቹን የሚያጣብቀው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጥርሱ የቆሸሸ ብሎን ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየም ላልቶ ሊቀር፣ ጓርኒሲዮኑም፣ ማለትም ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ሊያፈስ ይችላል። (ብሎኑ በደረቁ ይጥበቅ ወይስ በዘይት የሚለውን የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ እንጂ ልማድ አይደለም።)

የቶርክ መፍቻ ለመፍታት አያገለግልም፤ ሲቀመጥም ወደ ዝቅተኛው ምልክት ይመለሳል። በዓለም አቀፉ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ 6789 መሠረት፣ ባለቤቱ ሌላ አሠራር ካላወጣለት፣ ቢበዛ በ12 ወር ወይም ከ5,000 አገልግሎት በኋላ ትክክለኛነቱ መፈተሽ አለበት።