ባለቤት ያጣ ድምር

የመርካቶ የድምፅ ጣጣ ከሰማይ አይወርድም። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ትንሽ ዘመም ብለው የተዘረጉ ስለሆኑ የአውሮፕላኑ ጩኸት የሚበረታው እንደ ቦሌ ሚካኤል ባሉ ሠፈሮች ላይ ነው። መርካቶ ያለበትን አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማን የሚያውከው ከምድር የሚነሣው ድምፅ ነው። ምናለሽ ተራ በርሜል ይቀጠቀጣል፣ አውቶቡስ ተራ ወያላው ይጣራል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ በየሱቁ ደጃፍ ደግሞ ሞንታርቦው ስለ ቅናሽ ዋጋ ሲለፈልፍ ይውላል። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ልጅ የምታስተኛ እናት አለች። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ያለው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225፣ ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ወደ ጎረቤቱ እንዳይለቅ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ድምፅን ከብክለት ይቆጥራል። የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይፈቅዳል፤ ለንግድ ቦታ 65 እና 55፤ ለኢንዱስትሪ 75 እና 70።

መርካቶ ከየትኛው ይመደብ? ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደዚህ ካመጣው ወዲህ ሱቁ፣ ወርክሾፑና መኖሪያው ተጠላልፈው አድገዋል። አንዱ ግቢ ሦስቱንም ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር ግን ሒሳቡ ላይ ነው። ዴሲቤል እንደ ብር አይደመርም። 60 እና 60 ሲገናኙ 63 እንጂ 120 አይሆኑም፤ እኩል የሚጮኹ አሥር ባለ 60 ሞንታርቦዎች ግን 70 ይደርሳሉ። ተቆጣጣሪው መለኪያውን ይዞ ሱቅ በሱቅ ቢዞር እያንዳንዱን ከ65 በታች አግኝቶ ሁሉንም ነፃ ሊያወጣ ይችላል፤ ፎቅ ላይ ያለው ነዋሪ የሚሰማው ግን 70ውን ነው። በተቃራኒው ከአሥሩ አንዱን ቢያሽግ የሚቀንሰው ከግማሽ ዴሲቤል በታች ነው፤ ጆሮ አይለየውም። «ጎረቤቴ ካልቀነሰ እኔ ብቀንስ ምን ይፈይዳል?» የሚል ነጋዴ፣ ብንናደድበትም፣ ስሌቱ ትክክል ነው።

አየር ማረፊያዎች ከዚህ ወጥመድ የወጡት ድምሩን በመለካት ነው። በብዙ አገሮች የቀኑ በረራ ሁሉ ነዋሪው ባለበት ቦታ ተጠቃሎ ይሰላል፤ የሌሊቱ በረራ ላይ 10 ዴሲቤል ተጨምሮ ይቆጠራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. የተቀበለው አካሄድም ሞተሩን ከማለዘብ፣ መሬቱን አስቀድሞ ከማቀድና የበረራ ሥርዓትን ከማስተካከል ይጀምራል፤ በረራ መከልከል የመጨረሻው አማራጭ ነው። መሬት ማቀዱን አዲስ አበባ አልቻለችበትም። የቀድሞው የልደታ አየር ማረፊያ ለጄት ስላልበቃ ወደ ቦሌ ተሄደ፤ ቦሌ ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው ተከትሎ ደረሰበት። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ረጅም ተንደርድሮ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ በቤቶቹ ላይ ዝቅ ብሎ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ለታቀደው ግዙፍ አየር ማረፊያ ዙሪያውን ከቤት ነፃ ማድረግ የሚቻለው አሁን ነው።

መርካቶን ግን እንደ አየር ማረፊያ ከቦታው የሚያነሣው የለም። እስካሁን የሚታወቀው መድኃኒት ማሸግ ነው፤ ዛሬ ይታሸጋል፣ ሰንብቶ ይከፈታል። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ባሉበት ሠፈር ወሬው ወደ እምነት ቤቶች ሲያመራ ደግሞ ባለሥልጣኑም ጸሐፊውም ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔም ብሆን ከዚያ አልጀምርም።

የምጀምረው ከንግዱ ሞንታርቦ ነው። ልኩ ለሱቅ ሳይሆን ለተራ ይሰጥ፤ የሚለካው ነዋሪው መስኮት ላይ ይሁን፤ ሲያልፍ የሚጠየቁት የተራው ነጋዴዎች በጋራ ይሁኑ። በርሜል ቀጥቃጩ ድምፁን ቢቀንስ እንጀራውን ያጣል። ሞንታርቦ የሚጮኸው ግን የጎረቤቱን ሞንታርቦ ለመብለጥ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቢያጠፉት ገበያው የሚጎድልበት ነጋዴ አይኖርም።