የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ ላይ፦ ከምስል ወደ ጽሑፍ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያዎቻቸውን በድረ ገጽ ማውጣት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ዛሬም ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ማስታወቂያዎች የሚወጡት በምስል ነው። ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም አርፎበት ስካን ከተደረገ በኋላ ምስሉ ይለጠፋል።

አሠራሩ መነሻ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ነበር። በመሆኑም ያው ፎንት በኮምፒዩተሩ ያልተጫነለት አንባቢ የሚያየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድርድር ነው። ስለዚህ የድረ ገጽ አዘጋጆች ርዕሱን፣ አንዳንዴም ሙሉውን ጽሑፍ፣ ወደ ምስል ለውጠው ማውጣትን መረጡ። ለጊዜው ጥሩ ብልሃት ነበር።

በሌላውም ዓለም እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ነዳፊዎች የመረጡትን ፎንት ለማሳየት ርዕሶችን በምስል ይተኩ ነበር። ልዩነቱ ትክክለኛው ጽሑፍ ከምስሉ ሥር እንዲቆይ ማድረጋቸው ነው። ከስካኑ ሥር ግን ምንም ጽሑፍ የለም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተሰኘውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ድረ ገጹ ፎንቱን ራሱ ለአንባቢው የሚልክበት የወፍ ፋይል ዓይነት ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆነ። እንደ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያሉ ፎንቶችም በነፃ ይገኛሉ። ለምስሉ የነበረው ምክንያት በዚህ አብቅቷል።

ልማዱ የሚያስከትለው ጉዳት በባለጉዳዩ ላይ ይታያል። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ የሚኖር ነዋሪ የይዞታ ሰነዱን በተወሰነ ቀን እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ወጣ እንበል። ማስታወቂያው በምስል ከሆነ የክፍለ ከተማውንና የወረዳውን ስም ጽፎ ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል፤ ቀነ ገደቡም ያልፍበታል። (ስሙ "ቀራኒዮ"ም "ቀራንዮ"ም ተብሎ መጻፉ ፍለጋውን ይበልጥ ያከብደዋል፤ መሥሪያ ቤቱ አንዱን መርጦ ሊጸና ይገባል።) ማየት ለተሳነው ነዋሪ ደግሞ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ፕሮግራም ከምስሉ የሚያነበው ጽሑፍ አያገኝም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ማጽደቋ እዚህ ላይ ሊዘነጋ አይገባም። ወጪም አለው። በዩኒኮድ የተጻፈ 2,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ ወደ 6 ኪሎባይት ገደማ ሲሆን፣ የአንድ ገጽ ስካን ግን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎባይት ሊደርስ ይችላል፤ የሚከፍለው በሞባይል ኢንተርኔት የሚጠቀመው ነዋሪ ነው።

ፊርማና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ማስቀረት አያስፈልግም፤ ጽሑፉ በገጹ ላይ ከወጣ በኋላ ከሥሩ በአባሪነት ሊቀመጥ ይችላል። በቀድሞዎቹ ፎንቶች ተጽፈው በመዝገብ ቤት ኮምፒዩተሮች የተቀመጡ ሰነዶችም በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ሊዛወሩ ይችላሉ። በዝውውሩ ሥርዓተ ነጥብና ቁጥር አንዳንዴ ስለሚዛባ የሰው ስም፣ የካርታ ቁጥርና ቀን ከዋናው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለባቸው።