ከልብ ሕመም በኋላ መድኃኒትን ስላለማቋረጥ

በድንገተኛ የልብ ሕመም ተይዞ ከሆስፒታል የተመለሰን ሰው ዘመድ ጎረቤት «እግዚአብሔር ይማርህ» እያለ ይጠይቀዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ደረቱን የሚያስጨንቀው ነገር ሲጠፋ፥ «ከዳንሁ መድኃኒቱ ለምኔ ነው?» ማለት ይጀምራል። እኛ የምንፈራው ይህንን ቃል ነው።

ሕመሙ የመጣው፥ ለልብ ደም በሚያደርሰው ሥር ግድግዳ ላይ የተጠራቀመው ስብ ተሰንጥቆ፥ በዚያ ላይ ደም ስለ ረጋ ነው። የተዘጋው ሥር ቢከፈት እንኳ ስቡ በሌሎቹ ሥሮች ውስጥ ይኖራል። አስፒሪን ደሙ እንዳይረጋ ይረዳል፤ ስታቲን የሚባለውም መድኃኒት ኮሌስትሮልን ይቀንሳል። በስካንዲናቪያ አገሮች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ 4,444 የልብ ሕሙማን እኩል ለእኩል ያህል በሁለት ወገን ተከፍለው፥ ከአምስት ዓመት በላይ ተጠንተው ነበር። ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲገለጥ፥ ስታቲን ካልወሰዱት 256፥ ከወሰዱት ደግሞ 182 ሰዎች መሞታቸው ታወቀ። ልዩነቱ 74 ቤተሰብ መሆኑን ልብ ይሏል።

የሲጋራ ጉዳት ግን በክኒን አይካካስም፤ ሲጋራን ፈጽሞ መተው ነው። የደም ግፊትና የደም ስኳርም ያለ ምልክት ሥርን ስለሚጎዱ በየጊዜው ሊለኩ ይገባል።

አንዳንድ ሕመምተኛ በጾም ቀን የጧቱን ክኒን ይተዋል። ከመተው ይልቅ የሚዋጥበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይወስን። በተለይ ስቴንት የሚባለው የሽቦ ቱቦ በሥሩ ውስጥ የገባለት ሰው መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ፈቃድ ቢያቋርጥ፥ ደም በቱቦው ውስጥ ረግቶ ሊዘጋው ይችላል። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው መግዛት፥ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።