የበረት ፍግ ሲብላላ ናይትሮጅኑ እንዳያመልጥ የሚጨመሩ ነገሮች

የፍግ ክምር ሲገለበጥ አፍንጫ የሚሰነፍጥና ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ከወጣ፣ ገበሬው «ፍጉ ኃይለኛ ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሽታው አሞኒያ ነው፤ ለሰብሉ መዋል የነበረበት ናይትሮጅን ወደ አየር እየሄደ መሆኑን ያመለክታል። በደጋው ብዙ ቦታ እበቱ ኩበት እየሆነ ወደ ምድጃ ስለሚሄድ፣ ለማሳ ከሚተርፈው ጥቂት ፍግ ላይ ደግሞ መክሰር አይገባም።

አሞኒያ በብዛት የሚያመልጠው ክምሩ ሲግል፣ ፒኤቹ ከ8 በላይ ሲወጣና ደቂቅ ዘአካላቱ የሚመገቡት ካርቦን ሲያንሳቸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሟያ ገለባ ነው። የካርቦንና የናይትሮጅን ንጽጽር ከ25 እስከ 30 ለ1 ሲሆን ደቂቅ ዘአካላቱ ናይትሮጅኑን በሰውነታቸው ይይዙታል። ገለባ መኖም ስለሆነ፣ ከብቶች ረግጠው የተዉትን በበረት አንጥፎ ሽንቱን ማስመጠጥ ይበቃል።

የከሰል ድቃቂ ከክምሩ ደረቅ ክብደት ከመቶ 5 እስከ 10 ቢቀላቀል አሞኒያውን ይዞ ያቆያል። ጄሶም አሞኒያውን በቀላሉ ወደማይተን አሞኒየም ሰልፌት ይለውጠዋል። በዓባይ ሸለቆ የሚገኝ ቢሆንም ማጓጓዣው ስለሚከብድ የሚያዋጣው ለቅርብ ማኅበራት ነው። ውሃ በበዛበት ክምር ላይ ግን ጄሶ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያመጣል።

አመድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምድጃ አመድ ፖታሽ ስላለው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከትኩስ እበት ጋር በብዛት ሲደባለቅ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ አሞኒያውን ያባርረዋል። ኖራም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥና ኮምጣጣ አፈር ላለው ማሳ ማዋል ይሻላል። ይህን ስሕተት በየመንደሩ ስለምናየው የልማት ሠራተኞች አስቀድመው እንዲያስረዱ ያስፈልጋል።

ለደቂቅ ዘአካላቱ ሲባል በፓኮ የሚሸጥ ነገር ከመግዛት በፊት፣ ያለፈው ዓመት የበሰለ ኮምፖስት ከአሥር አንድ እጅ ይጨመር። ሊጥ በእርሾ እንደሚቦካ ክምሩም በዚህ ቶሎ ይነሣል። እርጥበቱ የሚለካው በጭብጥ ነው፦ ሲጨመቅ እጅን ካረጠበና ካልተንጠባጠበ በቂ ነው።

በየጊዜው መገልበጥ አየር ቢያስገባም አሞኒያውንም ያስወጣል። ሙቀቱ ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካላለፈ ወይም ክምሩ ካልታፈነ ባይነካ ይመረጣል። ከተገለበጠ በኋላ ሽታው ከተመለሰ ገለባ ጨምሮ ላዩን በስስ አፈር መሸፈን ነው።