ደረቅ በረዶ፦ ሳይቀልጥ የሚያልፈው ግዙፍ አየር

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሸዋ ቤንች ሰው በረዶን የሚያውቀው ከዶፍ ዝናብ ጋር ወርዶ የጎደሬውን ቅጠል ሲበሳ፣ ጥቂት ቆይቶም ውሃ ሆኖ ወደ መሬት ሲሰርግ ነው፤ ስለዚህም የበረዶ ሁሉ ፍጻሜ ውሃ ነው ቢል የዓይኑን ምስክርነት መከተሉ ነው። ደረቅ በረዶ የሚባለው ነጭ ጠጣር ነገር ግን በባሕርዩ ከውሃ አንዳች የለበትም፤ እርሱ ከሳንባችን የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ረቂቅ አየር በብርድ ኃይል ጠጥሮ ግዘፍ የነሣ ነው።

በሥርዓተ ተፈጥሮ ከምናያቸው ነገሮች ብዙዎቹ ሙቀት ሲያገኛቸው ከጠጣርነት ወደ ፈሳሽነት፣ ከዚያም ወደ ትነት በየማዕርጋቸው ሲሸጋገሩ፣ ይህኛው መካከለኛውን ማዕርግ ትቶ ከጠጣርነቱ በቀጥታ ወደ አየርነቱ ይመለሳል። ምክንያቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆም የሚችለው፣ በባሕር ጠረፍ ካለው የአየር ግፊት ከ5 እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ሲጫነው ብቻ ስለ ሆነ ነው። በባሕር ጠረፍ ደረቅ በረዶ ወደ አየርነቱ የሚመለሰው ከዜሮ በታች በ78.5 ዲግሪ ሲሆን፣ ከባሕር ወለል 1,450 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በሚዛን ተፈሪ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውሃ በደጋ ፈጥኖ በሚፈላበት በዚያው ምክንያት፣ ብርዱ 2 ዲግሪ ያህል ይብሳል።

ይህን ነገር መጀመሪያ አይቶ የጻፈው ቲሎሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1835፣ በግፊት ፈሳሽ የሆነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከብረት ዕቃው ሲለቀው፣ ከፊሉ በፍጥነት ሲተን የቀረውን ሙቀት ስለ ነጠቀው ቀሪው እንደ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተከማቸ። ዛሬም አሠራሩ ከዚህ አልራቀም፤ ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ይለቀቃል፣ አመዳዩም በመጭመቂያ ተጠቅጥቆ ጡብ ወይም ፍሬ ይሆናል። ወደ ንግድ የገባው ግን ዘግይቶ በ1920ዎቹ በአሜሪካ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ጋዝ ከየትም ይገኛል፤ ቢራ ሲብላላ የሚወጣው እንኳ ይሰበሰባል።

ተመልካችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ከላዩ የሚፈሰው ነጭ ጢስ ነው፤ ጢሱ ግን የበረዶው አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓይን የማይታይ ኅቡእ አየር ነውና፣ የምናየው ነጭ ነገር በዙሪያው ባለው አየር ውስጥ የነበረው እርጥበት በብርዱ ጤዛ ሆኖ ነው። ስለዚህ ዓመቱን የበዛውን ጊዜ ዝናብ በማይለያቸው በሚዛንና በቴፒ አገር፣ ከደረቁ የአፋር ሜዳ ይልቅ ጢሱ ወፍሮ ይታያል። ልጆችን ደስ የሚያሰኝ ሌላም ጠባይ አለው፤ ሳንቲም ሲጫኑበት ከሥሩ የሚያመልጠው ጋዝ ብረቱን እያንቀጠቀጠ ያስጮኸዋል።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በባዶ እጅ የያዘውን ሰው ቆዳ እንደ እሳት ይልጠዋል። 1 ኪሎው ተኖ ሲያበቃ ከ500 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ስለሚሆን፣ በጠርሙስ ከትቶ መክደን ጠርሙሱን ማፈንዳት ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ጋዙ ከአየር በግማሽ ያህል የሚከብድ ስለ ሆነ በጉድጓድና በዝቅተኛ ክፍል መጠራቀሙ ነው፤ ባላገራችን የእህል ጉድጓድ ከፍቶ ሳያናፍስ የማይወርደው ይህንኑ ጋዝ ፈርቶ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ ድንገት የወጣው ይኸው አየር ወደ ሸለቆው ወርዶ 1,700 ያህል ነፍስ አጥፍቷል። እንግዲህ የተረፈውን ደረቅ በረዶ ነፋስ በሚያገኘው በሜዳ ትቶ በራሱ እንዲያልፍ ማድረግ እንጂ በጓዳ ማኖር አይገባም።

ጥቅሙ ግን ብዙ ነው፤ አንድ ኪሎ ደረቅ በረዶ እስኪያልፍ ድረስ የሚወስደው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ የውሃ በረዶ ሲቀልጥ ከሚወስደው አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል፤ ዕቃውንም አያረጥብም። በኮቪድ ዘመን የፋይዘር ክትባት ከዜሮ በታች ከ60 እስከ 90 ዲግሪ የሚሻ ስለ ነበረ 23 ኪሎ ያህል ደረቅ በረዶ በሚይዝ ሣጥን ተጓዘ፤ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የመጀመሪያው የአስትራዜኔካ ክትባት ግን ከዜሮ በላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚበቃው ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ ይህ ልዩነት እንደ ሚዛን ከዋና ከተማው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለራቀ አገር ታላቅ ነገር ነው፤ ደረቅ በረዶ ከተሠራበት ሰዓት ጀምሮ እየጎደለ የሚሄድ ስንቅ ነውና በየመንገዱ ካልታከለበት በቀር አያደርስም።

ይኸው ጋዝ ከቡናም ጋር ዝምድና አለው። የተቆላ ቡና ለብዙ ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል፤ የታሸገው ከረጢት ትንሽ ማስተንፈሻ የሚበጅለትም ስለዚህ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹም ኩርት ዞሰል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት፣ ከ31 ዲግሪና ከ73 እጥፍ የአየር ግፊት በላይ ሲሆን ፈሳሽም ጋዝም ያልሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካፌይኑን ከቡናው መዝምዞ እንዲያወጣ የሚያደርግ ዘዴ አበጀ። ፍሬው ቀርቶ የቡናውን ቅጠል እንኳ አፍልቶ «ጨሞ» ብሎ የሚጠጣ የደቡብ ምዕራብ ሰው፣ ቡናን ከኃይሉ ለመለየት ይህን ያህል መድከም ለምን እንዳስፈለገ ቢጠይቅ መልሱ ከኬሚስቱ ዘንድ የሚገኝ አይመስለኝም።