ምግብ አልበላም ያለ ቡችላ፡- ምርጫ ነው ወይስ ሕመም?

በቦሌ፣ በየካ እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. ከሁለቱ ተከፍሎ በተደራጀው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውሻ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል። በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ባሉ ግቢዎች ውሻ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር በሩን ይጠብቃል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ቡችላ የልጆች ጓደኛ ሆኖ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። በሁለቱም ዘንድ ግን የሚቀርብለት ምግብ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ከማዕድ የተረፈ እንጀራ ከነወጡ፣ ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንትና ፍርፋሪ ሥጋ፣ አልፎ አልፎም ወተት።

አዲስ የመጣ ቡችላ ይህን አሽትቶ ጥሎት ሲሄድ ባለቤቱ "ይህ ውሻ ምግብ ይመርጣል" ይላል። አንዳንዱ ጥሬ ሥጋ ይገዛለታል፤ ሌላው "ሲርበው ይበላል" ብሎ ይተወዋል። ሁለቱም ውሳኔዎች ቡችላው ለምን እንዳልበላ ሳይታወቅ የሚሰጡ በመሆናቸው ጉዳት ሲያስከትሉ ይታያል። ጉዳቱ በቡችላው ላይ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ውሻ የሚመገበውና የማይመገበው ነገር ከኅብረተሰብ ጤና ጋር በቀጥታ የሚገናኝባቸው ሁኔታዎች አሉ።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የቡችላ የምግብ ፍላጎት ከትልቅ ውሻ ፍላጎት የተለየ መሆኑ ነው። ቡችላ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ዕድሜው ለስላሳ ምግብ መቅመስ ይጀምራል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ከእናቱ ጡት ይለያል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ የሚያስፈልገው ኃይል ካደገ ውሻ በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ለምሳሌ 5 ኪሎ የሚመዝን፣ ዕድሜው 4 ወር ያልሞላው ቡችላ በቀን 700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል፤ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ትልቅ ውሻ ግን ከ400 ባነሰ ይበቃዋል። የቡችላው ሆድ ደግሞ ትንሽ ነው። በመሆኑም በቀን አንድ ጊዜ ማታ የሚቀርብ አንድ ሳህን እንጀራ ሆዱን ይሞላው ይሆናል እንጂ አይመግበውም። እስከ 4 ወር ዕድሜው ድረስ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከዚያም እስከ 6 ወር ድረስ 3 ጊዜ ያህል ከፋፍሎ መመገብ ይገባል።

እንጀራ በራሱ ለውሻ ጎጂ ምግብ አይደለም። ችግሩ ያለው በወጡ ነው። የአበሻ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት መሆኑ ይታወቃል፤ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎና ከዚያ በላይ ቀይ ሽንኩርት የሚያቁላላ ቤት ብዙ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ውሻ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ በደሙ ላይ ጉልህ ለውጥ ሊታይ እንደሚችል የእንስሳት ሕክምና ጽሑፎች ያስረዳሉ። ይህ ማለት 5 ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ ከ75 ግራም ጀምሮ፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ወይም ከዚያ ያነሰ ማለት ነው። መቁላላቱም ሆነ መቀቀሉ ጉዳቱን አያስቀረውም። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል የፋሲካ ዕለት የዶሮ ወጥ መረቅ የበላ ቡችላ ከቀናት በኋላ ሲደክም፣ ድዱ ሲነጣና ሽንቱ ሲቀላ ምክንያቱን ከበዓሉ ማዕድ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። በርበሬውና ጨውም ለለጋ ጨጓራ አይስማሙም። ቡችላው ወጡን ትቶ በመሄዱ "አመለኛ" መባሉ እንግዲህ ትንሽ ያስተዛዝባል።

የጾም ወቅት ሌላው ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ሥጋ በማይበሰልባቸው ቤቶች ውሻውም አብሮ ሽሮ በእንጀራ ይበላል። ሽሮውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አያጣም። ትልቅ ውሻ ይህን ጊዜ እንደ ነገሩ ሊያልፈው ይችላል፤ ሁለት ወር የሚጠጋ ጊዜ ግን ለቡችላ የዕድገቱ ዋነኛ ክፍል ነው። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ በአንድ ቀን ጮማና አጥንት ይቀርብለትና ተቅማጥና ትውከት ይከተላል። ከዚያ ወዲያ ቡችላው ሥጋውን ሲጠብቅ እንጀራውን አልነካም ይላል። በጾም ወራት ለውሻው ሥጋ ማብሰል የማይፈልግ ቤተሰብ ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

በተቃራኒው ገቢያቸው የሚፈቅድላቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ቡችላቸውን በሥጋ ብቻ ያሳድጋሉ። ይህም ለውሻው ከማሰብ የመጣ ቢሆንም ስህተት ነው። ሥጋ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ግን እጅግ ያነሰበት ምግብ ነው። በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ከምግቡ ካልሲየም ሲያጣ ሰውነቱ ከራሱ አጥንት መውሰድ ይጀምራል፤ እግሩ ይንጋደዳል፣ ያነክሳል፣ በትንሽ ዝላይ አጥንቱ ይሰበራል። መፍትሔው ግን የካልሲየም እንክብል በዘፈቀደ መስጠት አይደለም። በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ላሉ ትልልቅ ዝርያዎች ከመጠን ያለፈ ካልሲየምም የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግር ያመጣል። የላም ወተትም የእናት ጡትን አይተካም፤ የውሻ ወተት ቅባት ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ የላም ወተት በአንጻሩ ተቅማጥ ሊያስከትል የሚችለውን የወተት ስኳር በብዛት ይዟል።

በቤት ውስጥ ምግብ ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ከሩዝ ወይም ከቅንጬ ጋር፣ ጥቂት ካሮት ወይም ዱባ ጨምሮ ማቅረብ ይችላል። ጉበት በጥቂቱ ይጠቅማል፤ ሲበዛ የቫይታሚን ኤ መመረዝ ያመጣል። ተቀቅሎና ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየም ለማሟላት የሚውል ሲሆን፣ የአንዱ እንቁላል ቅርፊት ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም አለው። መጠኑን ግን ቡችላውን መዝኖ የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ሊሆን ይገባል። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ያልተጋገረ ሊጥና የጠላ አተላ ለውሻ አይሰጡም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር እየሾለ ጉሮሮንና አንጀትን ስለሚወጋ ከማዕድ ተነስቶ ወደ ውሻው መጣል የለበትም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ከሥጋ ቤትና ከበዓል እርድ የሚገኘው የሆድ ዕቃ ነው። በሳንባና በጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ ያዘሉ ከረጢቶች ይታያሉ። እነዚህ ከረጢቶች ሃይዳቲድ የተባለው በሽታ አምጪ የሆነ ጥቃቅን የኮሶ ትል እጮችን የያዙ ናቸው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከውሻው ጋር የሚጫወት ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጣል፤ ከዓመታት በኋላም በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ከረጢት ሊገኝ ይችላል። በሽታው በአገራችን በተለይ በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ በስፋት መኖሩ ለረጅም ጊዜ ሲጠና ቆይቷል። ይሁን እንጂ ለእርድ የሚቀርቡ ከብቶችና በጎች ከልዩ ልዩ አካባቢዎች ወደ አዲስ አበባ የሚገቡ በመሆናቸው የከተማው ነዋሪ ጉዳዩ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

በቄራ የሚካሄደው የሥጋ ምርመራ እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ለይቶ ያስወግዳል። በየግቢው የሚታረደው በግ ግን ይህን ምርመራ አያገኝም፤ ሳንባው ከቢላዋ ቀጥታ ወደ ውሻው ይወረወራል። የሆድ ዕቃውን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በሚፈላ ውሃ መቀቀል እጮቹን ይገድላል። ከረጢት የታየበትን ደግሞ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ያስፈልጋል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒትም በሐኪም ትዕዛዝ ሲሰጥ ትሉን ከውሻው አንጀት ያስወግዳል።

በቦሌ በሚገኙ ትልልቅ የገበያ መደብሮች ከውጭ የሚገባ የውሻ ምግብ ይሸጣል። ገዢው በከረጢቱ ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ ጽሑፉን መመልከት ይኖርበታል። ምግቡ "ለዕድገት" ወይም "ለሁሉም የዕድሜ ደረጃ" ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ላደገ ውሻ ብቻ የተሠራው ለቡችላ አይበቃም። በብዙ አገሮች ጥቅም ላይ የሚውለው የአሜሪካ መስፈርት ለቡችላ ምግብ፣ ውሃው ሳይቆጠር ቢያንስ 22.5 በመቶ ፕሮቲን፣ ላደገ ውሻ ደግሞ 18 በመቶ ይጠይቃል። እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ላይ "ፕሮቲን 8 በመቶ" ተብሎ ሲነበብ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን 78 በመቶው ውሃ ከሆነ ከቀሪው 22 እጅ 8ቱ ፕሮቲን ነው፤ ይኸውም 36 በመቶ ገደማ ይሆናል። 10 በመቶ ውሃ ያለውና 24 በመቶ የተጻፈበት ደረቅ ምግብ ደግሞ 27 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜውን ማየት፣ የተቀደደ ወይም ፀሐይ ላይ የከረመ ከረጢት አለመግዛትም ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አልበላም የሚል ቡችላ አይጠፋም። በርካታ ቡችሎች አዲስ ቤት በገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእንግድነት ስሜት ይበላሉ ከሚባለው በታች ይመገባሉ። ስለዚህ ቀድሞ ይበላው የነበረውን ምግብ ከአሳዳጊው ጠይቆ በዚያው መጀመር፣ ከዚያም አዲሱን ከ7 እስከ 10 ቀናት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ እያበዙ መቀላቀል ይመከራል። ደረቁን ምግብ በለብ ያለ ውሃ ማራስ ሽታውን ያወጣዋል። ሳህኑ በተወሰነ ሰዓት ቀርቦ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ይነሳ፤ በመካከል ዳቦ፣ ብስኩትና ቁርጥ አይጨመር። ቡችላ እምቢ ባለ ቁጥር የተሻለ ነገር የሚቀርብለት ከሆነ እምቢታን የሚያስተምረው ባለቤቱ ራሱ ነው። በትልቅ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛውና ልጆቹ እያንዳንዳቸው በየተራ ሲያበሉት "ምግብ አይወድም" የተባለው ቡችላ ጠግቦ የተኛ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜ ደግሞ 28ቱ የወተት ጥርሶች ረግፈው 42 ቋሚ ጥርሶች ስለሚተኩ ድዱ የታመመ ቡችላ ጠንካራ ምግብ ሊሸሽ ይችላል።

ሕመምን ከምርጫ መለየት የሚቻለው ሌሎች ምልክቶችን በማየት ነው። የሚጫወትና ክብደት የሚጨምር ቡችላ አንድ ጊዜ ምግብ ቢያልፍ አያሰጋም። ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚታይ ከሆነ ወስፋት ሊሆን ይችላል፤ ወስፋት ከእናት ወደ ጽንስ ስለሚተላለፍ መድኃኒቱ ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ መሰጠት አለበት። ምግብ ከመተው ጋር ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየ ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ስለሚጠረጠር በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ ይኖርበታል፤ ማደር ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ለሰው ሕይወት አደገኛ የሆነው ግን ሌላ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ሁልጊዜ የሚናከስና የሚሮጥ ሆኖ አይታይም። በአንዳንዶቹ ላይ በሽታው የሚጀምረው ምግብ በመተው፣ ጥግ ይዞ በመደበቅና በጠባይ ለውጥ ነው፤ ቀጥሎም መንጋጋው ይላላል፣ ለሐጩ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይህ ሁኔታ አጥንት የታነቀ ስለሚመስል ባለቤቱ ወይም ጥበቃው በቅን ልቦና አፉን ከፍቶ እጁን ይሰዳል። በሽታው ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት የሚተላለፍ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረጉት ዕቅድ በዚህ መንገድ የሚደርሰውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም ያለመ ነው።

ስለዚህ ምግብና ውሃ መዋጥ ያቃተው፣ ለሐጩ የሚዝረከረክ ውሻ ባለበት ክፍል ወይም ግቢ ተዘግቶበት ለእንስሳት ሐኪም ጥሪ ይደረጋል፤ ማንም እጁን ወደ አፉ አይሰድም። የተነከሰ ወይም ለሐጩ በቁስሉ ላይ ያረፈበት ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ውሻው ቡችላ መሆኑ ወይም የቤት ውሻ መሆኑ ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም። ቡችላው የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላው መውሰድ የሚችል ሲሆን፣ ሐኪሙ በዚያው ዕለት ክብደቱን መዝኖ የሚበላውን ምግብ ዓይነትና መጠን ሊወስንለት ይችላል።